«ለምን» የተባሉት ባለቅኔ

ከቅኔ ጉባኤ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው ቅኔ አስቀድሞ የአፍ ነው። ተማሪው ሌሊት ሲያሰላስል ያደረውን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቃናል። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ግን የሚያቃናለት መምህር ቀርቶ ወላጅ እንኳ በአጠገቡ ሳይኖር፣ ከአፍ ግጥም ተነሥቶ እስከ መጽሐፍ ስለ ደረሰ የወገናችን ልጅ ነው።

አቶ ለምን ሲሳይ በ1967 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። እናታቸው ለትምህርት ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣት ነበሩ። ሕፃኑን ለጊዜው የሚያሳድግላቸው ሰው ቢጠይቁ፣ ጕዳዩን የያዘው ሠራተኛ ኖርማን የሚል ስም አወጣለትና፣ ለዘለቄታው እንደ ልጃችሁ ቍጠሩት ብሎ ለአንድ ቤተ ሰብ ሰጠው። አሳዳጊዎቹ አጥባቂ ሃይማኖተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን 12 ዓመት ሲሆነው መለሱት። ከዚያ በኋላ ልጁ ከአንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲዛወር አደገ።

እኛ በየቤታችን እናት ወይም አክስት «የዚያን ክረምት እንሥራውን የሰበርህ አንተ አልነበርህም?» ስትለን እንስቃለን እንጂ፣ ይህ ሀብት መሆኑን ልብ አንልም። ያ ልጅ ትናንት ምን እንዳደረገ የሚያስታውስለት አንድ ሰው አልነበረውም። ስለዚህ ይጽፍ ነበር፤ የጻፈውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰው ያነብ ነበር።

ከማሳደጊያው ሊወጣ ሲል የልደት ወረቀቱ ተሰጠው። እውነተኛ ስሙ «ለምን» መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ከመዝገቡም ውስጥ እናቱ በ1968 ልጄን መልሱልኝ ብለው የጻፉት ደብዳቤ ወጣ። ለእንግሊዝ ሰው ይህ ስም ድምፅ ብቻ ነው፤ አማርኛ ለሚሰማ ግን ራሱ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያዋን የግጥም መድበል ያሳተማት በ17 ዓመቱ ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ሥራ ለሌለው ሰው ከሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ሲሆን፣ መድበሏንም ሥራ አቁመው ለነበሩ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በእጁ ይሸጥ ነበር። አሳታሚ እስኪመጣ አልጠበቀም። ለመጻፍ የሚመኙ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉልን።

በኋላም አቶ ለምን በማንችስተር ከተማ በየመድረኩ ግጥማቸውን በቃል ያሰሙ ጀመር። በመድረክ የሚቆም ገጣሚ የሰሚው ፊት ሲለወጥ ያያል፤ የላላውን ስንኝ ወዲያው ያውቃል። የተማሩበት ጉባኤ ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በ1988 ሌላ መጽሐፍ አወጡ፤ ከረጅም ፍለጋም በኋላ እናታቸውን በጋምቢያ አገኙ።

በ2012 ለለንደኑ ኦሎምፒክ ባለቅኔ ሆነው ጻፉ፤ ከ2015 እስከ 2022 የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበሩ፤ ግጥሞቻቸው በከተማይቱ ግድግዳዎች ላይ ተጽፈዋል። እኛ ከሁሉ የሚበልጥብን ግን በ2019 የታተመው የሕይወት ታሪካቸው ነው። ብዙ ዓመት ጠይቀው በመጨረሻ የተሰጣቸውን፣ ባለሥልጣኖች ስለ ልጅነታቸው የጻፉትን መዝገብ ከራሳቸው ቃል ጋር አጋጥመው አሳትመውታል። የመጽሐፉም ርእስ በዚያው በስማቸው ላይ የቆመ ነው።

ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በእርሳቸው አነሣሽነት፣ በማሳደጊያ አድገው የሚሄዱበት ቤት ለሌላቸው ወጣቶች በገና ዕለት ማዕድ ይዘረጋል።