ለሐይቅ ጀልባ ትልቅ ሞተር መግጠም፦ ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሞ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ባሕር ዳር (ሐተታ)፦ ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት በተዘረጋው የይፋት ቆላ ሞተር የሚጫንበት ጀልባ የለም። በሮቢ፣ በጀውሃና በአጣዬ ወንዞች ዳርቻ የሞተር ፓምፕ ተክሎ ሽንኩርቱን የሚያጠጣ አርሶ አደር ግን አንድ ነገር በተግባር ያውቃል። በፓምፑ ላይ የተጻፈው ጉልበትና ፓምፑ በማሳው ላይ የሚሰጠው ጉልበት እኩል አይደሉም። አምራቹ ጉልበቱን የለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር ሲሆን፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች።

ይኸው ጉዳይ በጣና ሐይቅ ላይ ሲደርስ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጥያቄ ይሆናል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱም ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ነው። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ ምድርና ወደ ደሴት ገዳማት የሚያደርሱ፣ ነዋሪዎችን የሚያመላልሱና ዓሣ የሚያሰግሩ ጀልባዎች ይመላለሱበታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በኋላ ግድግዳቸው ላይ በሚንጠለጠል ሞተር፣ በተለምዶ አውትቦርድ በሚባለው ይንቀሳቀሳሉ። ለፍጥነትና ለነፍስ አድን ሥራ ሲባል ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞተር ለመግዛት የሚነሳ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ታዲያ ከጨረታው በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

አውትቦርድ ሞተር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኦሌ ኤቪንሩድ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር አንድ ነጠላ ሲሊንደር የነበረውና ጉልበቱም ከሁለት የፈረስ ጉልበት ያልበለጠ ነበር። በ2021 መርኩሪ የተባለው ኩባንያ ያስተዋወቀው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ግን 600 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ክብደቱም ከ570 ኪሎ ግራም ያላነሰ ነው። በውጭ አገር ያሉ ፈጣን ጀልባዎች እንዲህ ያሉትን ሞተሮች ሁለት፣ ሦስት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጎን ለጎን ይገጥማሉ። የገበያው ዕድገት ግን ትልቅ ሞተር ለሁሉም ጀልባ ይበጃል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጀልባው አካል ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ጀልባዎች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ውሃውን እየገፋ የሚሄድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ከፍ ብሎ በላዩ ላይ የሚንሸራተት ነው። ውሃ ገፊው ጀልባ የፍጥነቱ ጣሪያ በርዝመቱ ይወሰናል። 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ጀልባ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ራሱ በፈጠረው ማዕበል ይያዛል። ከዚያ በኋላ የሚጨመርለት ጉልበት ነዳጅ ከማቃጠልና የኋላ ክፍሉን ወደ ውሃ ከማስጠም ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህም ትልቅ ሞተር ትርጉም የሚኖረው በውሃ ላይ ለመንሸራተት ለተሠራ ጀልባ ብቻ ነው።

በዚህኛውም ቢሆን ፍጥነት ከጉልበት ጋር እኩል አያድግም። የመርከብ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት መሠረት ክብደቱ ሳይለወጥ የሞተሩ ጉልበት በእጥፍ ቢጨምር ፍጥነቱ የሚጨምረው በ40 በመቶ ገደማ ነው። ለምሳሌ በ75 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ 150 የፈረስ ጉልበት ቢገጠምለት በሰዓት ወደ 56 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0 ነጥብ 38 ሊትር ያህል ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለውን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አነስተኛው ሞተር በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ 50 ሊትር ያህል አቃጥሎ ሲያቋርጥ፣ ትልቁ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ 71 ሊትር ያህል ያቃጥላል። የ30 ደቂቃው ትርፍ በአንድ ጉዞ 21 ሊትር ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ ወጪ ሕይወት ለማዳን ለሚሰማራ ጀልባ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለመደበኛ የሥራ ጉብኝት ግን ሊጤን የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፍታን ይመለከታል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር በግፊት የሚያስገባ ተጨማሪ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት በጣና ላይ የሚጠፋው ጉልበት ከ17 እስከ 18 በመቶ ይደርሳል። 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር በተግባር የሚሰጠው 82 ገደማ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተፈጠረው ሐይቅ ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር በመሆኑ፣ እዚያ የሚሰማራው ተመሳሳይ ሞተር የሚያጣው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት የግዥ ዝርዝር ለሁለቱም ሐይቆች የማያገለግልበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የጠፋውን ጉልበት መመለስ ባይቻልም፣ የቀረውን በአግባቡ ለመጠቀም ግን ዋናው ቁልፍ ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር የሚመረጠው በአንድ ዙር በሚራመደው ርቀት ነው። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፕሮፔለር በጣና ላይ ለተዳከመው ሞተር ይከብደዋል። ሞተሩም አምራቹ ያዘዘውን የደቂቃ ዙር፣ ለብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ የሚሆነውን፣ ሳይደርስ እያቃሰተ ይሠራል። ይህም ሁኔታ ሲቆይ ሞተሩን ይጎዳል። የፕሮፔለሩ እርምጃ በ2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። በዚህ ምክንያት በአንድ ሞተር ሁለትና ሦስት የተለያዩ ፕሮፔለሮችን አብሮ ማዘዝና ጀልባው የተለመደ ጭነቱን ይዞ በሐይቁ ላይ ሲፈተሽ የሚስማማውን መምረጥ ይመከራል። በካርቡራቶር የሚሠሩ ሞተሮች ደግሞ ለስስ አየር የሚበዛ ቤንዚን ስለሚወስዱ የካርቡራቶሩ የነዳጅ ቀዳዳ በአነስተኛ መለወጥ አለበት። በኤሌክትሮኒክስ የሚመሩት ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ክብደትና አገጣጠም ነው። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህም ሦስት ጎልማሶች በጀልባው የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሳይነሱ እንደተቀመጡ ያህል ነው። ለዚህ ያልተሠራ የኋላ ግድግዳ ሊሰነጠቅ፣ ጀልባው ሲቆምም ማዕበል በኋላ በኩል ሊገባበት ይችላል። በመሆኑም ሠሪው ለጀልባው የፈቀደው ከፍተኛ የፈረስ ጉልበትና ጭነት በሰሌዳው ወይም በሰነዱ ላይ ተጽፎ መቅረብ ይኖርበታል። ከዚያ በላይ መግጠምም አይገባም።

የሞተሩ የእግር ርዝመት ከኋላ ግድግዳው ቁመት ጋር መመሳሰል አለበት። የተለመዱት ልኮች 38፣ 51፣ 64 እና 76 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው አግድም ሰሌዳ ከጀልባው ሆድ ጋር በተቀራራቢ መስመር ላይ ሲውል አገጣጠሙ ትክክል ይሆናል። በጣም ፈጣን በሆኑ ጀልባዎች የውሃውን ጉተታ ለመቀነስ ሞተሩ ከዚህ ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። ይሁንና ከልክ በላይ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብባቸው ቀዳዳዎችም ከውሃ ወጥተው ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

በጣና ላይ ይህ ስጋት ሌላ ምክንያትም አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ በሐይቁ የታየው የእምቦጭ አረም በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎችንም ይደፍናል። ነጂው ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን ቀጭን የውሃ ፍሰት ዘወትር መከታተልና ፍሰቱ ሲቋረጥ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ይጠበቅበታል። ሞተሩን ከዝገት የሚከላከሉት የብረት ቁራጮችም ለጨው ውሃ ከሚያገለግለው ዚንክ ይልቅ ለጣፋጭ ውሃ የሚስማማው ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ሊሆኑ ይገባል። ይህ በዝርዝሩ ካልተጠቀሰ አቅራቢው ለባሕር የተዘጋጀውን ሊያስረክብ ይችላል።

አራተኛውና የመጨረሻው የደህንነት ጉዳይ ነው። ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለው ሞተር በገመድ ከሚሠራው ይልቅ በዘይት ግፊት የሚሠራ መሪ ይመረጣል። የፕሮፔለሩ ጉተታ መሪውን ከነጂው እጅ ሊነጥቅ ስለሚችል ነው። ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው የእጅ ማሰሪያም ምንጊዜም መታሰር አለበት። በአሜሪካ ርዝመታቸው ከ8 ሜትር ገደማ በታች የሆኑ ፈጣን ጀልባዎች ነጂዎች ይህን እንዲጠቀሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል። የሕይወት አድን ጃኬት በተሳፋሪው ቁጥር ልክ መኖሩና መለበሱም ከሞተሩ ጉልበት ጋር አብሮ የሚታይ ነው።

በአጠቃላይ የሞተር ጀልባ ግዥ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ በዝርዝሩ ላይ የፈረስ ጉልበትን ብቻ ከማስፈር ይልቅ ጀልባው የሚሰማራበትን ከፍታ፣ የሚጭነውን ሰውና ዕቃ፣ የሚፈለገውን ፍጥነት፣ ሠሪው የፈቀደውን የጉልበት ጣሪያና የፕሮፔለሩን ዓይነት አብሮ ማስፈር ይጠበቅበታል። ርክክቡም በመጋዘን ሳይሆን ጀልባው ተጭኖ በሐይቁ ላይ ተፈትሾ ሊፈጸም ይገባል። የይፋቱ አርሶ አደር ፓምፑን የሚመዝነው በቦዩ በሚደርሰው ውሃ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የገዛውን ሞተር መመዘን ያለበት በሰሌዳው ቁጥር ሳይሆን በሐይቁ ላይ በሚሰጠው አገልግሎት ነው።