«ፀሐይ»፦ በኢትዮጵያ የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን

አዲስ አውሮፕላን ከንድፍ ወደ አገልግሎት የሚሸጋገረው በሙከራ በረራ ነው። የሙከራ አብራሪውም ከእርሱ በፊት ማንም ባላበረረው አውሮፕላን ተሳፍሮ የመሐንዲሶቹን ስሌት በሕይወቱ የሚፈትን ባለሙያ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ምዕራፍ አላት።

ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውሮፕላን የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ሲሆን፣ ያበረረውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን አንዲት አውሮፕላን ሠራ። አውሮፕላኗ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ንድፏ የኦስትሪያዊው ኤሪክ ማይንድል ሲሆን፣ 115 የፈረስ ጉልበት ባለው አንድ ሞተር የምትሠራ ነበረች። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ቬበር ራሱ የሙከራ በረራ አደረገባት።

ይህ ሲሆን የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ስትወድቅ «ፀሐይ»ም ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች፤ በኋላም በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለእይታ ቀረበች።

በሌላው ዓለም የሙከራ በረራ ወደ ሮኬት አውሮፕላን ተሸጋገረ። የሮኬት ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥልበትን ኦክስጅን ከአየር ከመሳብ ይልቅ ይዞ ስለሚጓዝ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታም ይሠራል፤ ነዳጁ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ጀርመናዊው ኤሪክ ቫርዚትስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሄንከል 176 በተባለ የሮኬት አውሮፕላን ሲበርር፣ አሜሪካዊው ቻክ ዬገር በ1947 በቤል ኤክስ-1 ከድምፅ ፍጥነት በላይ በረረ። ከ1959 እስከ 1968 ሦስት የኤክስ-15 አውሮፕላኖች 199 ጊዜ የበረሩ ሲሆን፣ በ1967 በደረሰ አደጋ አብራሪው ማይክል አዳምስ ሕይወቱ አልፏል። ሆኖም የአንዱ በረራ ውጤት ለቀጣዩ ትምህርት እየሆነ ሥራው ቀጥሏል።

የኢትዮጵያን ጅምር ያቋረጠው የሙከራው አለመሳካት ሳይሆን ወረራው ነው። ከሙከራው የተገኘው ልምድ ለሁለተኛና ለሦስተኛ አውሮፕላን መሠረት የሚሆንበት ጊዜ አልተገኘም።

የኢጣሊያ መንግሥት «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ በይፋ ያስረከበው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። አውሮፕላኗ ከተወሰደች 88 ዓመት ገደማ በኋላ መመለሷ፣ ከቅርስነቷ ባሻገር ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ሥራ የነበራቸውን ቀደምት ተሳትፎ የሚመሰክር ነው።