ኩላሊት ብቻ አልነበረም

ተራራ ላይ አየር ሲሳሳ ደም ይወፍራል። ይህ የሚሆነው ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ስለሚያመነጭና መቅኒውም ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያበራክት ነው። እስከዚህ ድረስ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። እንቆቅልሹ ኩላሊት የኦክስጅንን ማነስ በምን ያውቃል የሚለው ነው።

በኦክስፎርድ የኩላሊት ሐኪሙ ፒተር ራትክሊፍና ባልደረቦቻቸው፣ ኦክስጅን ሲያንስ ሆርሞኑን የሚያዘውን የዘረ-መል ቁራጭ ሲሠራ በቀላሉ ከሚለካ ሌላ ዘረ-መል ጋር አያይዘው በሕዋሳት ውስጥ አስገቡት። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ሆርሞኑን ጨርሶ የማያመነጩ ሕዋሳትን ጨመሩ። እነዚህ ምንም ለውጥ አያሳዩም ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ግን እነሱም ትእዛዙን ተቀበሉ! እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ይህ ውጤት ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ የኩላሊት ጥያቄ የነበረው በአንድ ጊዜ የመላ አካል ጥያቄ ሆነ።

በባልቲሞር ግሬግ ሴመንዛ ከዚያ ቁራጭ ጋር የሚጣበቀውን ፕሮቲን ለይተው ሂፍ-1 አሉት። ጠባዩ ግራ ያጋባል። ሕዋሱ ሳያቋርጥ ይሠራዋል፤ ኦክስጅን ካለ ግን በአምስት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ኦክስጅን ሲያጥር የሚቆመው ማፍረሱ ነው፤ ስለዚህ ሕዋሱ ጨንቆት ሳለ ከዜሮ መጀመር የለበትም።

አፍራሹን የጠቆመው የካንሰር ጥናት ነው። በቦስተን ዊልያም ኬሊን፣ ቪኤችኤል የተባለው ፕሮቲን በዘር የተበላሸባቸውን ቤተሰቦች በሽታ ያጠኑ ነበር። የዕጢዎቹ ሕዋሳት ኦክስጅን ሞልቶላቸው እንደተቸገሩ ይሆኑና የደም ሥር ይጠራሉ። በ1999 የራትክሊፍ ቡድን ቪኤችኤል ሂፍን ይዞ እንደሚያስፈርሰው አሳየ። በ2001 ሁለቱም ቡድኖች የቀረውን አገኙ፦ ኢንዛይሞች አንዲት የኦክስጅን አቶም ወስደው በሂፍ ላይ ይለጥፋሉ፤ ቪኤችኤልም ሂፍን የሚለየው በዚያች ምልክት ነው። ኦክስጅን ከጠፋ ምልክት የለም፤ ሂፍ ይተርፍና በኩላሊት ኤሪትሮፖይቲንን፣ በሌሎች አካላት የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲኖችንና ስኳርን ያለ ኦክስጅን የሚያቃጥሉ ኢንዛይሞችን ያዛል።

ሦስቱ በ2019 ኖቤል ተሸለሙ። ሮክሳዱስታት የተባለው እንክብል ደግሞ ምልክት ለጣፊዎቹን ኢንዛይሞች ይገታል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው አካል ኦክስጅን እንዳነሰው ቆጥሮ የራሱን ኤሪትሮፖይቲን ያመነጫል፣ የደም ማነሱም ይሻለዋል።