ሊኑክስ በላፕቶፕ ላይ ሲጫን፦ የድራይቨር ችግር ምንነትና የመፍትሔው መንገድ

ላፕቶፕ ከውጭ ሲታይ የአንድ ፋብሪካ ሥራ ቢመስልም፣ በውስጡ ግን ልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው ክፍሎች የተገጣጠሙበት ዕቃ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ፣ የዋይፋይ ካርዱ የሪልቴክ ወይም የብሮድኮም፣ የምስል ቺፑ ደግሞ የኤንቪዲያ ሊሆን ይችላል፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም የሚናገረው ስለ ገጣጣሚው እንጂ ስለ ክፍሎቹ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የሚታዘዝበት የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ኮምፒውተሩን የሚመራው ስርዓተ ክወና የየክፍሉን አሠራር የሚያውቅ ልዩ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ድራይቨር የሚባለው ይህ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ከጎደለ ክፍሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሊኑክስን በላፕቶፑ ላይ የጫነ ሰው ዋይፋዩ ሲጠፋበት፣ ስክሪኑ ሲጨልምበት ወይም ድምፅ አልወጣ ሲለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የገጠመው ይኸው እንጂ የዕቃ ብልሽት አይደለም።

ችግሩ ከዊንዶውስ ይልቅ በሊኑክስ ላይ ጎልቶ የሚታየው ድራይቨሮቹ የሚዘጋጁበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ለዊንዶውስ ድራይቨሩን የሚጽፈው የክፍሉ አምራች ሲሆን፣ ላፕቶፑን የሚሸጠው ኩባንያም ሁሉንም አስቀድሞ ጭኖ ስለሚያቀርብ ገዢው ድራይቨር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ለዓመታት ሊገለገል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ይፋ ባደረገው በሊኑክስ ግን፣ አብዛኞቹ ድራይቨሮች የሚኖሩት በራሱ በከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ዛሬ ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ከግማሽ የሚበልጠው የድራይቨር ኮድ ነው። የከርነሉ ገንቢዎች የውስጥ አሠራሩን እንዳስፈላጊነቱ የመለወጥ መብታቸውን ለማንም ስለማይለቁ፣ ከርነሉ ውስጥ የገባ ድራይቨር በእነርሱው እጅ ከለውጡ ጋር አብሮ ሲታደስ፣ በውጭ የቀረው ግን ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሥራ ሊያቆም ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ብዙ ድካም ይቀርለታል። አምራቹ ድጋፉን ያቋረጠበት የ10 ዓመት ላፕቶፕ በሊኑክስ ያለ እንከን ሲሠራ፣ ትናንት ገበያ ላይ የዋለው ውድ ላፕቶፕ ዋይፋይ አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም ለአዲስ ቺፕ ድራይቨር ተጽፎና ተመርምሮ ከርነሉ ውስጥ እስኪገባ፣ ያም ከርነል እንደ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ዴቢያን ባሉት የሊኑክስ ጥንቅሮች፣ ማለትም ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አጣምረው በሚያቀርቡት ስርዓቶች፣ በኩል ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ለምሳሌ «አርቲደብልዩ89» የተባለው የአዳዲሶቹ የሪልቴክ ዋይፋይ ቺፖች ድራይቨር ከርነሉን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በወጣው እትም 5.16 ላይ ስለሆነ፣ ከርነል 5.4ን ይዞ የወጣውን ኡቡንቱ 20.04 በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ የጫነ ሰው ካርዱ አልታይ ቢለው የሚያስገርም አይሆንም። የዚህ ዓይነቱ ችግር መድኃኒት ከየቦታው የተለቃቀመ ድራይቨር መጫን ሳይሆን፣ አዲስ ከርነል ያለውን የጥንቅሩን እትም መጠቀም ነው።

ከርነሉ የትኛው ድራይቨር ለየትኛው ክፍል እንደሚሆን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፒሲአይ በሚባለው የኮምፒውተሩ የውስጥ መገናኛ ላይ የተሰካ ክፍል ሁሉ፣ አንደኛው አምራቹን ሌላኛው ሞዴሉን የሚገልጹ ሁለት ባለ አራት ምልክት መለያዎች ይይዛል፤ የኢንቴል መለያ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር መጠሪያ የሆነው 8086 ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ እነዚህ መለያዎች ይነበቡና ያንን መለያ በዝርዝሩ የያዘ ሞጁል፣ ማለትም ከከርነሉ ጋር በተፈለገ ጊዜ የሚቀጠል የድራይቨር ፋይል፣ ይፈለጋል፤ ከተገኘ ይጫናል፣ ካልተገኘ ክፍሉ ይታለፋል። እንግዲህ የችግሩ ፍለጋ መጀመር ያለበት ከላፕቶፑ ስም ሳይሆን ከመለያው ነው፤ አንድ ዓይነት የሞዴል ስም የያዙ ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ዋይፋይ ካርድ ተገጥሞላቸው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ለአንዱ የሠራው መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

መለያውን ለማየት በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው ትእዛዝ ከሰረዝ ቀጥሎ ኤን፣ ኤን እና ኬ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጨምረውበት ይጻፋል፤ በዩኤስቢ መስመር ለተያያዙት እንደ ካሜራና ብሉቱዝ ላሉት ክፍሎች ደግሞ «ኤልኤስዩኤስቢ» አለ። የመጀመሪያው ትእዛዝ እያንዳንዱን ክፍል ከመለያው ጋር ከዘረዘረ በኋላ በሥራ ላይ ያለውን የከርነል ድራይቨር የሚገልጽ መስመር ያሳያል፤ ከዚህ መስመር በላይ ለመርማሪው የሚጠቅም ነገር ማግኘት ያስቸግራል። መስመሩ ፈጽሞ ከሌለ ክፍሉ ድራይቨር አላገኘም፣ ወይም የተገኘው ድራይቨር እንዳይጫን ተከልክሏል ማለት ነው። መስመሩ እያለ ክፍሉ ካልሠራ ግን ድራይቨሩ ደርሶ ሌላ ነገር አጥቷል ማለት ስለሆነ፣ ቀጣዩ እርምጃ ከርነሉ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ የመዘገባቸውን መልእክቶች «ዲሜሴጅ» በተባለው ትእዛዝ ማንበብ ነው።

በዚያ መዝገብ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ስሞታ የፈርምዌር መጥፋት ነው። ፈርምዌር በራሱ በክፍሉ ውስጥ ባለች ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ በብዙ ቺፖች ላይ በቋሚነት ስለማይቀመጥ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንብቦ ለቺፑ ማቀበል ይኖርበታል። ፋይሉ ከሌለ መዝገቡ የተፈለገውን ፋይል ስም ከነእትሙ ጠቅሶ በ«ስሕተት -2» ይዘጋል፤ ይህም ቁጥር ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን መስመር እንደ ጥፋት አዋጅ አይተው ስርዓቱን ከሥር እንደገና ይጭናሉ፤ መስመሩ ግን የጎደለውን ዕቃ በስሙ እየጠራ ስለሚነግር ከመልእክቶቹ ሁሉ ቀናው ነው፤ መፍትሔውም አብዛኛውን ጊዜ ጥንቅሩ ያዘጋጀውን የፈርምዌር ፓኬጅ መጫን ብቻ ነው። በአዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ድምፅ ሲጠፋም በመጀመሪያ መታየት ያለበት የድምፅ ፈርምዌሩ ፓኬጅ መኖር አለመኖሩ ነው።

ፋይሎቹ ከመጀመሪያው አብረው የማይመጡበት ምክንያት ቴክኒክ ሳይሆን መርሕ ነበር። አምራቾች የፈርምዌርን ምንጭ ኮድ ስለማይሰጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተውና ለነፃ ሶፍትዌር መርሕ ባለው ጽናት የሚታወቀው ዴቢያን፣ እነዚህን ፋይሎች ከይፋዊው መጫኛ ለረጅም ዘመን አግልሎ ኖሯል። በውጤቱም ተጠቃሚው መርሑን እየደገፈ እንኳ ያለ ዋይፋይ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዴቢያን አባላት በድምፅ ወስነው ፈርምዌሩ ከይፋዊው መጫኛ ጋር እንዲካተት ፈቀዱ፤ ውሳኔው ተግባራዊ የሆነውም በሰኔ 2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነው። መርሑን ለሚወዱ ሰዎች ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ይሁንና ነፃ ስርዓተ ክወናን ለመጫን የሞከረ ሰው ገና ከደጁ እንዳይመለስ በማድረጉ ትክክለኛ ነበር ማለት ይቻላል።

የብሮድኮም የዋይፋይ ቺፖች ታሪክ የዚህን ጉዳይ ክብደት ያሳያል። ኩባንያው ስለ ቺፖቹ አሠራር ለሊኑክስ ገንቢዎች መረጃ ባለመስጠቱ፣ በጎ ፈቃደኞች በሁለት ቡድን ተከፍለው አንደኛው ነባሩን ድራይቨር መርምሮ የቺፑን ጠባይ በጽሑፍ ሲያብራራ፣ ሌላኛው ዋናውን ኮድ ሳያይ ከማብራሪያው ብቻ ተነሥቶ አዲስ ድራይቨር ጻፈ፤ ሥራው እንዲህ የተከፈለው ከሌላ ሰው ኮድ ቀድታችኋል የሚል ክስ እንዳይነሣ ነው። የዚህ ድካም ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2006 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ብሮድኮም ራሱ ለጥቂት ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር የለቀቀው በመስከረም 2010 ነው። እንዲያም ሆኖ ብሮድኮም ያለባቸው አሮጌ ላፕቶፖች፣ በተለይም የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ብዙዎቹ የአፕል ማክቡኮች፣ እስከ ዛሬ ተጨማሪ ፓኬጅ ይጠይቃሉ፤ የአንዳንዶቹን ፈርምዌር ማሠራጨት ስላልተፈቀደም ፋይሉ ከነባር ድራይቨር ውስጥ በልዩ መሣሪያ ተቆርጦ ይወጣል።

እዚህ ላይ ዋይፋዩን ለማሠራት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋይ ማስፈለጉ ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል። መውጫው አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ አይርቅም፤ የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ በስልኩ ቅንብር ውስጥ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ ሲበራ፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስልኩ የሞባይል ዳታውን ብቻ ሳይሆን የተገናኘበትን ዋይፋይም ጭምር ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ኢንተርኔትን በዋናነት በስልክ ለሚያገኘው የኢትዮጵያ ተጠቃሚ ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በፊት ዋይፋዩ በቁልፍ ወይም በሶፍትዌር ተዘግቶ እንደሆነ «አርኤፍኪል» በተባለው ትእዛዝ ማየት፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስም ካለ ደግሞ በዚያ በኩል «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለውን በግማሽ የመተኛት ዘዴ ማጥፋት ይገባል።

የኤንቪዲያ ምስል ቺፕ ያለባቸው ላፕቶፖች ችግር ሌላ መልክ አለው። «ኑቮ» የተባለው በምርምር የተጻፈ ነፃ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2010 ከርነሉ ውስጥ ቢገባም የቺፑን ሙሉ አቅም ሊያወጣ ስላልቻለ፣ ብዙዎች የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር ለመጠቀም ይገደዳሉ፤ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ኩባንያውን በአደባባይ በከባድ ቃል የወቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ኤንቪዲያ በግንቦት 2022 ለአዳዲሶቹ ቺፖቹ የከርነል ሞጁሉን ክፍት ቢያደርግም፣ የድራይቨሩ ሌላው ክፍል ዝግ እንደሆነ ቆይቷል። በመጫን ላይ ስክሪኑ ከጨለመ፣ በመነሻው ሜኑ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል ከከርነሉ መስመር ጋር መጨመር የምስሉ ድራይቨር እንዲታለፍና ስርዓቱ በቀላል ምስል እንዲነሣ ያደርጋል፤ ይህ ግን መሻገሪያ እንጂ ማረፊያ ስላልሆነ፣ ተገቢው ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ቃሉ መነሣት አለበት።

ዝግ ድራይቨር የጫነ ሰው ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ከዊንዶውስ 8 ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የተስፋፋው ሴኪዩር ቡት ሲሆን፣ ይህ የጥበቃ ሥርዓት ሲበራ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ሞጁል ከርነሉ ውስጥ አይገባም። ጥንቅሩ በተጠቃሚው ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራው ሞጁል የግል ቁልፍ ፈጥሮ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይጠይቅና፣ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ በሰማያዊ ስክሪን ላይ ቁልፉን እንዲያጸድቅ ይጋብዘዋል፤ ይህ ስክሪን በችኮላ ከታለፈ ድራይቨሩ በትክክል ተጭኖም ይታገዳል። ሁለተኛው ከርነሉ ሲሻሻል ሞጁሉ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት ያለበት መሆኑ ነው፤ «ዲኬኤምኤስ» የተባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ቢፈጽምም፣ ለግንባታው የሚያስፈልጉት የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ካልተሟሉ ሥራው ይከሽፍና ትናንት ይሠራ የነበረው ስክሪን ዛሬ ይጨልማል። ያን ጊዜ በመነሻው ሜኑ የቀድሞውን ከርነል መርጦ መግባትና ጉድለቱን ከዚያ ሆኖ ማስተካከል ይቻላል።

መጫኛው ጨርሶ ዲስክ የለም የሚልበት ጊዜም አለ። በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ባዮስ፣ ማለትም ከስርዓተ ክወናው በፊት በሚነሣው የቅንብር ፕሮግራም፣ ውስጥ የዲስኩ አሠራር «ራፒድ ስቶሬጅ» ወይም «ሬይድ» ተብሎ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ከሊኑክስ ዓይን ይሰወራል፤ ቅንብሩን ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር እንዲታይ ያደርገዋል። ሆኖም ዊንዶውስን ይዞ ለመቆየት የሚፈልግ ሰው ዊንዶውስን አስቀድሞ ለለውጡ ካላዘጋጀው ከዚያ በኋላ አልነሣ ሊለው፣ ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ፋይሎቹን በሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለብጥና ቁልፉን ሳይጽፍ ባዮሱን መንካት የለበትም። የጣት አሻራ አንባቢዎችን በተመለከተ ደግሞ ድራይቨር ያልተጻፈላቸው ብዙ ስለሆኑ፣ ያለ እነርሱ መኖርን አስቀድሞ መቀበል ይበጃል።

ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን ምንም ሳይጫን በፊት ማወቅ ይቻላል። ዋና ዋናዎቹ ጥንቅሮች ዲስኩን ሳይነኩ በቀጥታ ከፍላሽ ተነሥተው ስለሚሠሩ፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ላፕቶፑ ሲተኛ መልሶ መንቃቱን ሁሉ በዚያው መሞከር ይቻላል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቁ ይሂድ፤ ችግር ገጥሞት መፍትሔውን ያገኘ ደግሞ የክፍሉን መለያ ቁጥር፣ የስሕተቱን መስመርና የከርነሉን እትም በአማርኛ ጽፎ ለሌሎች ያካፍል፤ በአማርኛ የተጻፈ የዚህ ዓይነት መረጃ እጅግ ጥቂት ነው።