ቆሮሶ፣ አምባዛ እና የሩቅ ዘመዶቻቸው

ከሆሳዕና በስተምሥራቅ፣ በሻሾጎ ወረዳ፣ የቦዮ ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ዳር ዳሩ ረግረግ ነው። እንዲህ ባለ የስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ቆሮሶንና አምባዛን ጎን ለጎን ያጋደመ ሰው ዘመዳሞች ናቸው ብሎ አይገምትም። ቆሮሶ ጎነ ሰፊ ነው፤ ገላው በቅርፊት ተሸፍኗል፣ የጀርባው ክንፍም እሾሃማ ነው። አምባዛ ደግሞ ረጅምና ሙልጭልጭ ነው፤ ራሱ ጠፍጣፋ፣ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም የተንዠረገገ። ቅርፊት የሚባል ነገር የለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ከውኃ እንስሳት የሚበላውንና የማይበላውን በክንፍና በቅርፊት ስለሚለይ፣ አምባዛን ዛሬም የማይቀምሱ ብዙ ናቸው።

ሥነ ሕይወት ግን ዓሣን የሚመድበው በሌላ መለያ ነው። መንጋጋ አለው ወይ? አፅሙ አጥንት ነው ወይስ ልም አጥንት? ክንፉን የሚሸከመው ምንድን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች ሲፈተኑ ቆሮሶና አምባዛ አንድ ወገን ሆነው ይገኛሉ። የአምባዛ የጥንት አባቶች ቅርፊት ነበራቸው፤ እሱ የጣለው ኋላ ነው።

የዝርያው ግንድ የት ይጀምራል? በቻይና ዩናን ግዛት፣ 518 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ ሃይኩዊክቲስ የተባለ ፍጥረት ቅሪት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው ይህ ፍጥረት ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። መንጋጋም ሆነ አጥንት አልነበረውም። ግን ራስ፣ ዓይን፣ መተንፈሻ ስንጥብ፣ በጀርባው በኩልም የአከርካሪ ጅማሮ ነበረው።

አጥንት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከውጭ በኩል ነው። መንጋጋ አልባዎቹ የጥንት ዓሦች ራሳቸውንና ደረታቸውን በአጥንት ጋሻ ሸፍነው፣ ውስጣቸው ግን በአብዛኛው ልም አጥንት ነበር። ጋሻ ለባሾቹ ከ359 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዴቮኒያን ዘመን ማብቂያ ላይ ጠፉ። ዛሬ መንጋጋ ሳይኖራቸው የሚኖሩት ላምፕሬይና ሃግፊሽ የተባሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ጋሻ የላቸውም።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ለውጥ መንጋጋ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ማብራሪያ የፊተኛው የስንጥብ ቅስት ወደ መንጋጋነት ተለወጠ የሚል ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለማየት የቆሮሶን የስንጥብ ክዳን መግለጥ ይበቃል። በእያንዳንዱ ጎን ቀይ መተንፈሻ የተሸከሙ አራት ቅስቶች ይታያሉ። አምስተኛው ቅስት ግን መተንፈሻ የለውም፤ ጉሮሮ ላይ ተገጥሞ ጥቃቅን ጥርስ አብቅሏል። ቆሮሶ በአፉ የለቀመውን በዚህ ሁለተኛ መንጋጋ ያደቅቃል። ለመተንፈሻ የተሠራ አጥንት ወደ ማኘኪያነት ሲዞር እዚሁ ቢላዋ ሥር ይታያል።

ባለ መንጋጋዎቹ ሁለት ትልልቅ ወገን ሆኑ። አንዱ አፅማቸው ልም አጥንት የሆነው የሻርክ ወገን ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ ወገን ጋር ትውውቅ የለውም ማለት አይቻልም፤ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለው የሙገር ሸለቆ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው የጁራሲክ ዘመን ጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ የጥንት ሻርክ ጥርሶች ተገኝተዋል።

ሁለተኛው ወገን ባለ አጥንቱ ነው፤ እሱም ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። አንደኞቹ ክንፋቸው በቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች የተወጠረ ነው። ቆሮሶም አምባዛም እዚህ ናቸው፤ በዓለም ላይ ከ30,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው። ሌሎቹ ክንፋቸው ሥጋና ጠንካራ አጥንት ያለው ነው፤ በትከሻው በኩል አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ብዙ ትንንሽ አጥንቶች። የሰው ክንድ አሠራርም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ ሰሜናዊ ደሴት የተገኘው 375 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ቲክታሊክ፣ ከዓሣ ወደ ባለ አራት እግር የተደረገውን ሽግግር በግልጽ ያሳየ ነው። የዚህ ወገን ዓሦች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ፣ ሳንባማው ዓሣ፣ በነጭ ዓባይ ተፋሰስና በቪክቶሪያ ሐይቅ ይኖራል።

ሳንባም የየብስ ፈጠራ አይደለም። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ሳንባ ከዓሣ የአየር ከረጢት የመጣ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ የዛሬ ዕውቀት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ሳንባው ቀድሞ ነበር፤ ቆሮሶን በውኃ ውስጥ የሚያንሳፍፈው ከረጢት ከሳንባ የተለወጠ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ዓሣ ከሆሳዕና በስተምዕራብ ያለው ውኃ በሚወርድበት አቅጣጫ ይገኛል። የምሥራቁ ውኃ በቢላቴ ወደ አባያ ሲሄድ፣ የምዕራቡ በግቤና በኦሞ አድርጎ ቱርካና ይገባል። በታችኛው ኦሞና በቱርካና የሚኖረው ቢቺር ከአምባዛ ጋር አንድ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም ጥንድ ሳንባ አለው።

አምባዛም አየር ይተነፍሳል፤ ነገር ግን በሳንባ አይደለም። ከስንጥቦቹ በላይ ባለው ክፍተት፣ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ቅስት ላይ የበቀለ፣ የአበባ ጎመን የሚመስል ቀይ ቅርንጫፍ አለው። ውኃው ሲደፈርስና ሲያንስ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ በደረቱ ክንፍ እሾህ እየተደገፈም በእርጥብ ሣር ላይ ወደ ሌላ ኩሬ ይሻገራል። እግርም ሳንባም ያለው ቢመስልም ወደ እኛ የሚያቀርበው አንድም ነገር የለም፤ ሁለቱንም ለብቻው ያበጀው ነው።

እንግዲህ ለያሆዴ በዓል የሚታረደውን ሰንጋ፣ የቦዮውን ቆሮሶና የነጭ ዓባዩን ሳንባማ ዓሣ አንድ ላይ አቅርበን ሁለቱን ቅርብ ዘመዶች ለዩ ብንባል፣ ዓይን ወዲያው ዓሦቹን ያጣምራል። አጥንቱ ግን ሳንባማውን ዓሣ የሚያጣምረው ከሰንጋው ጋር ነው፤ ሁለቱ ከቆሮሶ ተለይተው ለብቻቸው የተጓዙት የጋራ ጉዞ አላቸውና።