መተኛቱማ ቀላል ነው

የዋግ በሽታ ብናኝ የስንዴ ቅጠል ላይ ስላረፈ ብቻ አያጠቃም። እንዲበቅል ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ በደጋ አገር ደግሞ ይህን እርጥበት በብዛት የሚሰጠው የሌሊት ጤዛ ነው። ስለዚህ በአርሲ፣ በጭላሎ ተራራ ዙሪያ፣ ከኢተያ እስከ በቆጂ፣ የስንዴውን ዕጣ የሚወስነው ነገር የሚሆነው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቅዝቃዜው ምን ያህል ነበር? ጤዛው ስንት ሰዓት ቆየ? ይህን ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ ሰው አይገኝም። ሥራው የአውቶማቲክ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ነው።

ጣቢያው ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንድ ምሰሶ፣ የዝናብና የንፋስ መለኪያ፣ በነጭ መከለያ የተሸፈነ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ ትንሽ ሶላር፣ ከሥሩም ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ባትሪ፣ መረጃ መዝጋቢ ሰርኪዩትና መረጃውን በስልክ ኔትወርክ የሚልክ ሞደም አሉ።

ለአርሲ ይህ ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ክፉኛ መታው። በ2013 ደግሞ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው የተዘራው ዲጋሉ የተባለ ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ዘርግቷል። ከአሰላ ወጣ ብሎ አዳማ መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም ዋነኛ ትኩረቱ ስንዴ ነው። ይህ ሁሉ ጥረት የሚቆመው በአየር ሁኔታ መረጃ ላይ ነው።

ይህን መረጃ የሚይዘው የጣቢያው መዝጋቢ አብዛኛውን ዕድሜውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ልቡ የሆነችው ማይክሮኮንትሮለር ነቅታ ስትሠራ ጥቂት ሚሊ አምፔር ትፈጃለች፤ ተኝታ ግን ከ1 ማይክሮ አምፔር ባልራቀ ትኖራለች። የማትተኛው ሰዓቷ ብቻ ናት፤ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ክሪስታል። ያ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል በትክክል 1 ስለሚሆን ሴኮንድ ለመቁጠር ይመቻል። ሰዓቷ ስትቀሰቅሳት ቺፗ ትነሳለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ መልሳ ትተኛለች።

እስከዚህ ያለውን ማንኛውም ጎበዝ ተማሪ ይሠራዋል። ፈተናው ሐምሌ ላይ ይመጣል። ደመናው ለቀናት አይገለጥም፣ ሶላሩ ባትሪውን መሙላት ያቅተዋል። ሞደሙ ደግሞ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። የደከመ ባትሪ ይህን ሲጠየቅ ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ቺፗ ብትሞት ይሻል ነበር፤ የከፋው ሳትሞትም ሳትኖርም መሃል ላይ መቅረቷ ነው። ማስታወሻዋ ይበላሻል፣ ፕሮግራሙ ወዳልታሰበ ቦታ ይዘላል፣ የቴክኒክ ሰዎች እንደሚሉት ስታክ ታደርጋለች። ወይም ትጠፋለች፤ ጭነቱ ሲነሳለት ባትሪው ትንሽ ያገግማል፣ ትነሳለች፣ ሞደሙን ታበራለች፣ እንደገና ትወድቃለች። ይህ አዙሪት የቀረችውን ጉልበት ይጨርሳል።

መፍትሔው የመጥፊያና የመነሻ መስመሮችን መለያየት ነው። 12 ቮልቱ ባትሪ ለምሳሌ 11.5 ሲደርስ ሞደሙ ይዘጋ፤ 12.5 ሳይሞላ ግን አይከፈት። ቺፗንም ቮልቴጅ ሲጎድል በሪሴት አንቆ የሚይዛት ተቆጣጣሪ ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ብዙ ዲዛይነሮች ይሰስታሉ። አርዱዪኖ በተባለው የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ የታወቀችው ቺፕ አትሜጋ 328ፒ ይህን ተቆጣጣሪ በእንቅልፍ ሰዓት ማጥፋት ትችላለች፤ ቁጠባው 20 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነው። 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ለምትይዝ የአዝራር ባትሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ 20 ማይክሮ አምፔር በ15 ወር ይጨርሳታል። 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የጣቢያ ባትሪን ግን በሒሳብ ለመጨረስ 40 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እርሻ መሃል ለቆመ ጣቢያ ይህን መቆጠብ ንፉግነት ነው።

ጉም የሞላው ማለዳ ሌላ ወጥመድ አለው። ሶላሩ ሲነቃ ቮልቴጁ የሚወጣው እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በቅጽበት ሳይሆን በደቂቃዎች እየተንፏቀቀ ነው፤ በቅጽበት እንዲበራ የታሰበ ሰርኪዩት በዚህ ግራ ይጋባል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውርጭ የሚጥለው ሰማይ ጠርቶ ሲያድር ስለሆነ ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ ትበረታለች። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ በዚያ ሰዓት ከተሞላ ውስጡ ይጎዳል። ሙቀቱን ለክቶ «ቆይ» የሚለው ሰርኪዩት ይፈልጋል።

የመጨረሻው ጠባቂ ዋችዶግ የሚባለው ቆጣሪ ነው። ፕሮግራሙ በየጊዜው ካልነካካው ቺፗን ራሱ ያስነሳታል። ጠቃሚ የሚሆነው ግን ልኬቱ ተወስዶ፣ ተጽፎ ሲያበቃ ብቻ የሚነካ ከሆነ ነው። ሥራውን ሳያይ በየሴኮንዱ የሚነካው ኮድ ካለ፣ ጣቢያው ወር ሙሉ ደንዝዞ ዋችዶጉ ሁሉም ደህና ነው እያለ ይቀመጣል። ተነስቶም ቀኑን ከረሳ ዋጋ የለውም፤ ሰዓቱ የራሱ ትንሽ ባትሪ ከሌለው የሐምሌን ዝናብ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2000 ይመዘግበዋል። ባዶ መዝገብ ከዚህ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አሟልቶም የሚሸነፍ አለ። ማርስ ላይ የነበረው ኦፖርቹኒቲ የተባለው የናሳ ሮቦት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ፀሐይን የጋረደ የአቧራ ማዕበል መጣበትና እንቅልፍ ላይ ወደቀ፤ ናሳ ለወራት ጠራው፣ አልመለሰም፣ በየካቲት 2019 ተስፋ ተቆረጠ። በአርሲ ግን መስከረም ሲጠባ ፀሐይዋ ትመለሳለች፤ ጣቢያው አልነሳም ካለ ጥፋቱ የሠሪው ነው።

የአዳማና የአሰላ ተማሪዎች፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ የምትገዙም ሆነ የምትሠሩ ሁሉ፣ ተኝቶ ስንት ይፈጃል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ባትሪውን ባዶ አድርጉት፣ ቮልቴጁን ከዜሮ ጀምሮ በግማሽ ሰዓት ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፣ ደጋግሙት። ሰው ሳይነካው በእያንዳንዱ ሙከራ ካልተነሳ ወደ ማሳ አታውጡት።