ከመጀመሪያዋ መኪና እስከ ቀበሌ መንገድ፦ በአገራችን የመንገድ ታሪክ የሚጠቀሱ ዓመታት

የአገራችን የመንገድ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘከረው የተመረቀው አስፋልትና የተዘረጋው ድልድይ ነው። ዓመታቱን በቅደም ተከተል ላስተዋለ ሰው ግን፣ ታሪኩ የመሥራት ብቻ ሳይሆን የመጠገንም ጭምር ነው።

1900 ዓ.ም.፦ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ አስገባ። ለመኪና የተበጀ መንገድ ስላልነበረ ጉዞው እጅግ አድካሚ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በመኪናዋ ተሳፍረዋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ወራሪው የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ለራሱ ዓላማ በርካታ አውራ መንገዶችን ሠራ። ከነጻነት በኋላ ግን በቂ ጥገና ባለመኖሩ ብዙዎቹ ተጎዱ።

1943 ዓ.ም.፦ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። በዚያው ዓመት ጥር ወር፣ ሕዝቡ ዛሬም «አውራ ጎዳና» እያለ የሚጠራው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከቀዳሚ ተግባራቱ አንዱም የተበላሹትን መንገዶች መልሶ ማደስ ነበር።

1989 ዓ.ም.፦ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ዋነኛ ገቢው ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ለመንገድ ጥገና ይውላል። ስለዚህ በአውቶቡስ የሚሳፈረው ከተሜም ሆነ እህሉን በመኪና ጭኖ ገበያ የሚያደርሰው አርሶ አደር የጥገናው ወጪ ተጋሪ ነው።

2000 ዓ.ም.፦ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ በዐባይ በረሃ፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ ተመረቀ። ይሁን እንጂ ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው ጠመዝማዛ መንገድ በመሬት መንሸራተት ሲፈተን ኖሯል።

2003 ዓ.ም.፦ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ ጋር የማገናኘት አገራዊ መርሐ ግብር ተጀመረ።

ለመሆኑ መንገድን ቶሎ የሚያበላሸው ምንድን ነው? ዋነኛው ጠላት ውኃ ነው። መንገድ ሲሠራ መካከሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ እንዲል የሚደረገው ዝናቡ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ነው። ቦዩ በአፈር ወይም በቆሻሻ ሲደፈን ውኃው ከመንገዱ ሥር ሰርጎ መሠረቱን ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ከባድ የጭነት መኪና ሲያልፍበት ይሰነጠቃል፣ ይጎደጉዳል።

በመሆኑም አርሶ አደሩ እስከ መንገዱ ጠርዝ ከማረስና የማሳውን ውኃ ወደ መንገዱ ከመልቀቅ፣ የከተማው ነዋሪም በጎርፍ ማፍሰሻው ቆሻሻ ከመጣል ቢቆጠብ፣ ሰኔ ሳይገባም ቦዩ በጋራ ቢጠረግ የመንገዱ ዕድሜ ይረዝማል። የቀበሌ መንገድ በክረምት ሲቆረጥ ማዳበሪያው በወቅቱ አይደርስም፤ ምጥ የያዛትም እናት ጤና ጣቢያ ለመድረስ ትቸገራለች። ቦይ መጥረጊያው ወቅት ደግሞ ዝናቡ ሳይበረታ ነው።